የታማሚዋ አውራ ጣት

«እማማ፣ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሆናል እያለች ነው» ይላል ልጅ፣ የነርሷን ጥያቄ እየተረጎመ። እናት ሆዳቸው ተከፍቶ ከተሰፋ ገና ጥቂት ሰዓት ነው። ግንባራቸው አልቦት፣ የአንሶላውን ጠርዝ ጨምድደው ይዘው፣ «ተመስገን ነው» ይላሉ። አሜሪካ ውስጥ ወላጁን ያስታመመ ሐበሻ ይህን ያውቀዋል። ተመስገን በቁጥር ስንት ነው?

ጉሉኮስ በሚሰቀልበት ብረት ላይ የታሰረው ሳጥን ቁጥር አይጠይቅም። ውስጡ ሞርፊን የተሞላ ስሪንጅ ተቆልፎበታል፤ ቀጭኑ ቱቦ ክንዳቸው ላይ ካለው ደም ሥር ይገባል፤ በገመዱ ጫፍ እንደ በር ደወል ያለች መጫኛ አለች። ሲብስባቸው በአውራ ጣት ጫን ያደርጓታል። ማሽኑ ጢጥ ብሎ ትንሽ ይሰጣል፣ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊግራም። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይዘጋል፤ በመሃል መቶ ጊዜ ቢጫኑት ጠብ አይልም።

በድሮው አሠራር ታማሚው ነርስ ያስጠራል፣ የሞርፊኑ ቁምሳጥን ይከፈታል፣ ይመዘገባል፣ ጡንቻ ላይ ይወጋል፣ እስኪሠራም ይጠበቃል። ሲሠራ ያፈዛል፣ ሲለቅ ጩኸቱ እንደ አዲስ። አሜሪካዊው የሰመመን ሐኪም ፊሊፕ ሴክዘር ይህን ጥበቃ ለማሳጠር በታማሚው ጥያቄ ጥቂት ጥቂት በደም ሥር መስጠትን ሞከረ፤ በማሽን የሠራውን ጥናት በ1971 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ማሽን በ1976 ከዌልሷ ካርዲፍ ወጣ።

የማሽኑ ብልሃት ግን ከብረቱ ይልቅ እንቅልፍ ላይ ነው። ሞርፊን ሲበዛ መጀመሪያ እንቅልፍ ያመጣል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ያዘገያል። ያንቀላፋ ጣት ደግሞ አይጫንም። «አሟቸው እንዳይነቁ» ብሎ ለተኙ እናቱ የሚጫን ልጅ፣ በፍቅር ዋናውን መቆለፊያ ሰበረው። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ከተደረሰ ነው።

«ቻል አድርጊው እንጂ» የሚሉ ጠያቂዎችም አሉ። እኔ ይህን ምክር አልወደውም። ስፌቱ የሚያመው ሰው ማሳል ይፈራል፤ አክታው ሳንባው ውስጥ ይተኛና የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ከአልጋ አልወርድም ካለም እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ማስታገሻው ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ለማሳልና ለመራመድ ነው። ማሽኑ ብርቅ በሆነበት ሀገር ቤት፣ በትራማዶልና በዳይክሎፌናክ መርፌ የሚያገግም ሰውም ትራስ አጥፎ ስፌቱን ደግፎ ማሳል ይችላል። ትራስ የትም አለ።

ሞርፊን አንጀትንም ያስተኛል። ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሞርፊኑን በሌሎች ማስታገሻዎችና በነርቭ ማደንዘዣ መቀነስን፣ ታማሚውን ቶሎ ማብላትና ማስነሳትን የገፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ጠዋት ሐኪሙ ሲገባ ከስፌቱ እኩል የሚያሳስበው አንጀታቸው መንቃቱ ነው። ልጁ ጥያቄውን ሰምቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ... አየር ወጥቶልዎታል ወይ ነው የሚለው።»

እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።