ለበዓል የምትታረደው ዶሮ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነስ?

ነገሩ የሆነው በአንድ የፋሲካ ሰሞን ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ወይዘሮ በግቢያቸው ጥግ፣ በቆርቆሮና በወንፊት ሽቦ በተሠራ ቤት አርባ ያህል ዶሮዎች ያረባሉ። የሦስት ልጆች እናት ናቸው። የባለቤታቸው ደመወዝ ለቀለብና ለቤት ኪራይ ስለሚያልቅ፣ ከዶሮዎቹ የሚገኘው ገንዘብ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም፣ ሲተርፍም ለዕቁብ ይውላል። በዚያ ዓመት ሃያ አምስቱን ለሠፈር ሰው ሊሸጡ ተስማምተው፣ ከአንዳንዶቹም ቀብድ ተቀብለው ነበር። በሆሳዕና ዋዜማ ማለዳ የዶሮ ቤቱን ሲከፍቱ ሰባት ስምንት የሚሆኑት ተኮራምተው፣ ላባቸውን አንጨፍርረው ሲያስነጥሱ አገኟቸው።

ወይዘሮዋ ጊዜ አላጠፉም። ከእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ሄደው ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ዱቄት ገዙ። በመጠጥ ውኃ እየተበጠበጠ ለአምስት ቀን እንዲሰጥ ተነገራቸው። ሁሉም ዶሮዎች የሚጠጡት ከአንድ ዕቃ በመሆኑ የታመመውም ያልታመመውም እኩል ጠጣ። እሑድ ማታ አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው በፓኬቱ ጀርባ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ ስታነብ፣ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ሰባት ቀን ሳይሞላ ዶሮዎቹ ለምግብ እንዳይታረዱ የሚል አገኘች። መድኃኒቱ የሚያልቀው ረቡዕ ነው። ፋሲካ ደግሞ እሑድ።

«አንቺ ልጄ፣ ጋዜጠኛ ነሽና ንገሪኝ፤ ይህ እውነት ነው ወይስ ለወጉ የተጻፈ ነው?» ብለው ፓኬቱን ይዘው መጡ። እኔም ያን ጊዜ በቂ መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው።

ለዶሮ የተሰጠ መድኃኒት በሽታውን ካጠፋ በኋላ ወዲያው ከአካሏ አይወጣም። በደሟ ተጉዞ ወደ ሥጋዋ፣ ወደ ጉበቷና ወደ ኩላሊቷ ይገባል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይወገዳል። ሳይወገድ የቀረው የመድኃኒት ቅሪት ይባላል። በመድኃኒቱ ላይ የሚጻፈው የመጠበቂያ ቀንም ይህ ቅሪት ከተፈቀደው መጠን በታች እስኪወርድ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ቀኑ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ጭራሽ መጠበቅ የማያስፈልጋቸው አሉ፤ ከሳምንት በላይ የሚያስጠብቁም አሉ። ስለዚህ የአንዱን ቀን ለሌላው መውሰድ አይቻልም።

የተፈቀደው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋሙት ኮዴክስ የተባለው የምግብ ደረጃ ኮሚሽን፣ ቴትራሳይክሊን ለሚባሉት መድኃኒቶች በአንድ ኪሎ የዶሮ ሥጋ ውስጥ 200 ማይክሮግራም፣ በጉበት 600፣ በኩላሊት 1200፣ በእንቁላል ደግሞ 400 ማይክሮግራም የመጨረሻ ወሰን አድርጎ ደንግጓል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እያንዳንዳችን የምናውቀውን የ250 ሚሊግራም የቴትራሳይክሊን ቀፎ ብንወስድ፣ በውስጡ ያለው ዱቄት ለ1250 ኪሎ ሥጋ ቢከፋፈል ነው ወሰኑ ላይ የሚደርሰው። ከዚህ እንደምንረዳው ወሰኑ በመጠኑ ታለፈ ማለት በላተኛው በዚያው ማዕድ ላይ ይታመማል ማለት አይደለም። እናቶችን ማስደንገጥ ቀላል ነው፤ ጥቅም ግን የለውም።

ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? አንዳንድ ሰው፣ በተለይ የፔኒሲሊን ቁጣ ያለበት፣ በጥቂቱም ሊነካ ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የተሕዋስያን መላመድ ነው። መድኃኒት አለቅጥ በሚሰጥበት የዶሮ ቤት ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ይለማመዱና በሥጋው፣ በእጃችንና በመክተፊያው አድርገው ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ኋላ ልጃችን ሲታመም ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት አልሠራም ይላል። አሜሪካ ኤንሮፍሎክሳሲን የተባለው መድኃኒት ለዶሮ እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጨርሶ ወሰን የማይወጣላቸው መድኃኒቶችም አሉ። ክሎራምፌኒኮል አንዱ ነው። አልፎ አልፎ በሰው ላይ የደም መመንጫ የሆነውን መቅኒ ሊያደርቅ ስለሚችልና ይህም ከመጠኑ ማነስ ጋር የግድ የማይያያዝ በመሆኑ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ለምግብ ከሚውሉ እንስሳት አስወጥቶታል። ናይትሮፉራን የተባሉትም በካንሰር ስለሚጠረጠሩ ታግደዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2002 ከታይላንድና ከብራዚል ወደ አውሮፓ በገባ የዶሮ ሥጋ ውስጥ ተገኝተው ብዙ አነጋግረዋል። የተገኙትም መድኃኒቱ ራሱ በሰዓታት ውስጥ ቢጠፋም ስባሪው ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ መርማሪዎችም ያንን ስባሪ መፈለግ ስለቻሉ ነው።

ስለ ምርመራው ካነሣን አይቀር፣ መጀመሪያ የሚደረገው ከወጥ ቤት ሥራ ብዙም የራቀ አይደለም። ጉዳት የማያደርስ ተሕዋስ በጠፍጣፋ ሳሕን ላይ በረጋ ምግብ ይዘራል። ከዶሮዋ ሥጋ ወይም ኩላሊት ትንሽ ክብ ቁራጭ ይደረግበትና ሙቀት ባለው ሣጥን ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲታይ ሥጋው ንጹሕ ከሆነ ተሕዋሱ እስከ ቁራጩ ጥግ በቅሎ ሳሕኑን ያደበዝዘዋል። መድኃኒት ካለበት ግን በዙሪያው ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ሲሰፋ ያ ሥጋ ተጠርጣሪ ነው። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ዳሩ ግን መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነና መጠኑ ስንት እንደሆነ አይናገርም። እንደ ክሎራምፌኒኮል ያለውንም በጥቂቱ ሲሆን ያመልጠዋል። ስለዚህ የተጠረጠረው ናሙና የመድኃኒቱን ቅንጣቶች ለያይቶ በክብደታቸው ወደሚለይ ከፍተኛ መሣሪያ ይሄዳል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ዋጋው ውድ፣ የሠለጠነ ባለሙያም የሚሻ ነው።

የእኛ ዶሮ ግን ከዚህ ሳሕን ላይ መቼ ትደርሳለች? በሬው ቄራ ይገባል፤ ሐኪም ያየዋል፤ ማኅተም ይመታበታል። ዶሮ ብዙውን ጊዜ በሕይወቷ ተገዝታ፣ በጓሮ ታርዳ፣ አሥራ ሁለት ቦታ ተበልታ ወደ ድስት ትገባለች። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥርን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቷል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ግን በበኩሌ፣ መድኃኒቱ ሲሸጥ የመጠበቂያውን ቀን በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ጽፎና ተናግሮ መስጠት ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ሊደረግ የሚችል ነው እላለሁ። ጎረቤቴ ይህን የሰሙት ከሻጩ ሳይሆን ከልጃቸው ነው።

ብዙዎቻችን በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ ያጠብነው ሥጋ ከሁሉ ነገር የነጻ ይመስለናል። ሎሚው ሽታና እድፍ ያስወግዳል እንጂ በሥጋው ውስጥ ያለውን አይነካም። ወጡ ለረጅም ሰዓት መንተክተኩ ቴትራሳይክሊንን በከፊል ይቀንሰዋል፤ ኤንሮፍሎክሳሲን ግን ሙቀት አይበግረውም። ከሥጋው የወጣውም ቢሆን ወደ መረቁ ነው የሚገባው፤ መረቁን ደግሞ በእንጀራ የምንበላው እኛው ነን። በቀለም፣ በሽታ ወይም በጣዕም ለይቶ ማወቅም አይቻልም።

«እኔ የማርደው የአበሻ ዶሮ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ጭራ የምታድር ዶሮ መድኃኒት የምታገኘው ከስንት አንዴ ነው። ነገር ግን ፈንግል ሲገባ ለሰው ታዝዞ የተረፈ ቀፎ ፈትቶ በአፏ ማድረግ በየሠፈሩ የተለመደ ነው። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው፤ ይህ መድኃኒት አያድነውም። የሚከላከለው ክትባት ነው፤ ክትባቱም ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። ቀፎው ዶሮዋን ሳያድን ሥጋዋን ይበክላል፤ ልትሞት ነው ተብላም በችኮላ ትታረዳለች።

እንቁላልም አይረሳ። አስኳሉ በዶሮዋ ሆድ ውስጥ የሚያድገው ዐሥር ቀን ያህል ወስዶ ስለሆነ ዛሬ የወሰደችው መድኃኒት ከቀናት በኋላ በምትጥለው እንቁላል ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ሰኞ ዕለት ቀብድ የሰጡትን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ነገሩን ነገሯቸው። ግማሾቹ ተረዷቸው። ሌሎቹ ገንዘባቸውን ተቀብለው ወደ ገበያ ሄዱ፤ አንዷማ «ሌላ ገዢ አግኝተው ነው» ብላ አምታቸዋለች። እዚያ ገበያ የተገዛችው ዶሮ ምን ወስዳ እንደነበር የጠየቀ የለም። መድኃኒቱ በታዘዘው መሠረት አምስት ቀን ተሰጠ፤ ዶሮዎቹም ዳኑ። በፋሲካ ዕለት በወይዘሮዋ ቤት ዶሮ አልተሠራም፤ ልጆቹ ሥጋ ወጥ በሉ። ሰባቱ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ሃያ ያህሉን ሸጡ፤ ያውም ከበዓሉ ዋጋ ቀንሰው፣ የሳምንት መኖም አውጥተው። የዚያን ወር ዕቁብ ተበድረው ነው የጣሉት።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ጎራ ስል በዶሮ ቤቱ በር ላይ በገመድ የታሠረ ደብተር አየሁ። የልጅቷ ጽሕፈት ነው። የመድኃኒቱ ስም፣ የተጀመረበት ቀን፣ ያለቀበት ቀን፣ «ማረድ የሚቻለው» የሚል መስመርና አጠገቡ ቀን። የታመመች ዶሮ ተለይታ የምትቀመጥበት፣ የራሷ ውኃ መጠጫ ያላት ትንሽ ሣጥንም ሠርተዋል። በዚያን ጊዜ ውስጧ አንዲት ቀይ ዶሮ ነበረች፤ ደብተሩ ላይ ገና አራት ቀን ይቀራታል።