ላብ የማይወጣው አካል፦ ሙቀትና የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸው ወገኖቻችን

በምዕራብ ሸዋ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ፀሐይ ትበረታለች። መንገዱም ደረቅ ስለሆነ ብዙ አጥቢያዎች ኮንፈረንሳቸውን የሚያዘጋጁት በዚሁ በበጋ ወቅት ነው። ሕዝቡ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በሸራ ድንኳን ውስጥ ተጠጋግቶ ለሰዓታት ይዘምራል፣ ይጸልያል፣ ቃሉን ይሰማል። አብዛኞቻችን ላባችንን በመሐረብ እየጠረግን እንቀጥላለን። በመካከላችን ግን አብዛኛው አካላቸው ላብ የማያወጣ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እነርሱም ህብለ ሰረሰራቸው ተጎድቶ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ወይም አልጋ ላይ የዋሉ ወገኖች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሙቀት ለእነርሱ ለምን አደገኛ እንደሚሆንና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ እንመለከታለን።

ህብለ ሰረሰር ምንድን ነው?

ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ የነርቭ ገመድ ነው። የመኪና አደጋ፣ ከዛፍ ወይም ከሕንፃ ላይ መውደቅ፣ ጥይት፣ እንዲሁም የአከርካሪ ቲቢ ሊጎዱት ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ጉዳት ጋር ይኖራሉ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በሮምና በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ታክሟል። እጆቹ ቢድኑለትም እግሮቹ ግን አልተመለሱም፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ በዊልቸር ኖሯል። ታዲያ ስለዚህ ጉዳት ስንናገር የምናስበው የማይራመዱትን እግሮች ብቻ ነው። የማይታየው ጉዳት ግን ብዙ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ አካል ራሱን ማቀዝቀዝ አለመቻሉ ነው።

አካላችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው እንዴት ነው?

እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር አስደናቂ ሥርዓት አኑሮበታል። የጤናማ ሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚህ ከፍ ማለት ሲጀምር አንጎል በህብለ ሰረሰር በኩል ሁለት ትእዛዝ ይልካል። አንደኛው የቆዳ የደም ሥሮች እንዲሰፉ ነው፤ ይህም ሙቀቱ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያደርጋል። ሁለተኛው ላብ እንዲወጣ ነው፤ ላቡ ከቆዳ ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ ግን ትእዛዙ ከጉዳቱ በታች አይደርስም፤ ወይም በከፊል ብቻ ይደርሳል። ቆዳውም ሙቀቱን የሚናገር መልእክት ወደ አንጎል አይመልስም። ስለዚህ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል እየጋለ እንኳ ደረቅ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ጉዳቱ ወደ ላይ ከፍ ባለ መጠን አደጋው ይጨምራል። አንገታቸው ላይ የተጎዱ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የተጋለጡ ናቸው፤ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ በላይ የተጎዱትም እንዲሁ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ወገባቸው አካባቢ የተጎዱት ግን የላይኛው አካላቸው ስለሚያልባቸው ችግሩ ይቀልላቸዋል።

ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንና አንዳንድ የፊኛ መድኃኒቶችም ላብን ይቀንሳሉ። ይህን ያነበበ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም፤ ሐኪሙን ያማክር።

“አምቦ እኮ በረሃ አይደለችም!”

ይህን የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጊንጪም ጌዶም ደጋማ ናቸው። ወደ ባኮ ሲወረድ ነው ሙቀቱ የሚበረታው። ነገር ግን አደጋውን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ያንን ሙቀት ማስወጣት መቻሉም ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ያገኘው ቆርቆሮና ሸራ ውስጡን ከደጁ ይልቅ ያሞቀዋል። በዚያ ላይ የሕዝቡ ትንፋሽ፣ የሰንበት ሙሉ ልብስና ከረቫት አለ። ለእኛ መጠነኛ ሙቀት የሆነው ለእርሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። አገሩ ደጋ ነው ብለን ስለምንዘናጋም ምልክቱን ቶሎ አናስተውልም።

ውሃ የማይጠጣው ወንድም

ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ሌላ ነገር አለ። በዊልቸር የሚመጣ ወንድም ወይም እህት ከቤት ሲወጡ ሆን ብለው ውሃ ላይጠጡ ይችላሉ። ለምን? የቤተ ክርስቲያናችን መጸዳጃ ቤት ደረጃ አለው፤ በሩም ለዊልቸር ይጠብባል። እንዳያፍሩ ብለው ተጠምተው ይውላሉ። ውሃ ያነሰው አካል ደግሞ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፤ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ይጋለጣል። እንግዲህ የመጸዳጃ ቤታችን በር ስፋት የዚያን ወንድም ጤና የሚነካ ጉዳይ ነው።

የማይሰማ ቃጠሎ

ስሜት የሌለው ቆዳ ሲቃጠል አይታወቅም። ፀሐይ ላይ የቆመ የዊልቸር ብረት፣ ጭን ላይ የተቀመጠ ትኩስ ሳህን፣ በደጋው ብርድ እግር ሥር የተጠጋ የከሰል ምድጃ ከባድ ቁስል ሊያስከትሉ ይችላሉ። አምቦ በፍልውሃዋ የታወቀች ናት፤ ሰውነታቸውን ለማሳረፍ የሚሄዱባትም ብዙ ናቸው። የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ግን የውሃውን ሙቀት በእግሩ መለካት አይችልም፤ በሙቅ ውሃ ውስጥ መቆየትም የሰውነቱን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪሙን ሊጠይቅ፣ ውሃውንም ስሜት ባለው እጅ ሊያስሞክር ይገባል። ላብና እርጥበት በመቀመጫ ሥር ሲጠራቀም ደግሞ የአልጋ ቁስል ይፈጠራል።

ምልክቶቹና መፍትሔው

ፊቱ ከቀላ፣ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ከደከመው ላብ ባይታይበትም እንኳ ሙቀት እየጎዳው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ፦

1. ወደ ጥላና ነፋስ ወዳለበት ስፍራ ይወሰድ፤ ኮትና ተደራቢ ልብስ ይውለቅለት።

2. ፊቱ፣ አንገቱ፣ ብብቱና ክንዱ በውሃ ይራስ፤ ከዚያም ይራገብለት። ቆዳው ያላወጣውን ላብ በውሃው እንተካለታለን ማለት ነው።

3. ነቅቶ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጠጣ። ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ምንም በአፉ አይሰጠው፤ እያቀዘቀዛችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

በስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው በድንገት ብርቱ ራስ ምታት ከያዘውና ፊቱ ቀልቶ ላብ ካሰመጠው ግን የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ መነሻው የሽንት መታገድ ነው። አታስተኙት፤ ቀና ብሎ ይቀመጥ። ጥብቅ ልብሱን አላሉ፣ የካቴተሩ ቱቦ ታጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ወዲያውም ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ቤተ ክርስቲያን ሆይ፣ ጥላ ሁኚ

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ሕዝቡ ቢከለክላቸው ጣሪያውን እንደ ነደሉ እናነባለን። ጌታ እምነታቸውን አየ። እምነታቸው በትከሻቸውና በእጃቸው ይታይ ነበር። በዮናስ መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ደግሞ እግዚአብሔር ለተቆጣው ነቢይ እንኳ የጥላ ተክል አዘጋጀለት። ስለ ፈውስ መጸለያችንን አናቆምም። እየጸለይን ግን ወንድማችንን ፀሐይ ላይ አንተወውም።

ከዚህ በመነሣት አጥቢያዎቻችን ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። በዊልቸር የሚመጡትን በመስኮት ወይም በበር አጠገብ ከጓደኞቻቸው ጋር ማስቀመጥ፣ ውሃና የራሰ ፎጣ የሚያቀርብ አንድ አገልጋይ መመደብ፣ በበጋ ወራት ፕሮግራሙን ወደ ማለዳ ማምጣት፣ ለመጸዳጃ ቤቱ መወጣጫ መሥራትና በሩን ማስፋት ይቻላል። የጾም ጸሎት ሲታወጅም ውሃ እንዲጠጡ ሽማግሌዎች በግልጽ ይንገሯቸው። በሙቀቱ ምክንያት ከቤት የቀረውን ወገን ደግሞ በመንፈስ ቀዝቅዟል ብለን አንፍረድበት፤ ሄደን አብረነው እንጸልይ።

ከሁሉም በፊት ግን ራሳቸውን እንጠይቃቸው። ሰውነታቸውን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በሚመጣው እሑድ ከአምልኮ በፊት ወደ አንዱ ቀርበን፣ “ወንድሜ፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? የት ብትቀመጥ ይሻልሃል?” እንበለው።

ጌታ ማስተዋሉን ይስጠን፤ ተባረኩ።