የ35 መስመርና የእኛ ወገብ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሴማግሉታይድንና ቲርዜፓታይድን የመሳሰሉ መርፌዎችን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። የተፈቀዱት ስኳር ይዞት፣ ልቡ ወይም ኩላሊቱ ታሞ፣ በዚያ ላይ ከልክ በላይ ለወፈረ ሰው ነው። በመጋቢት 2026 ደግሞ የሴማግሉታይድ የፈጠራ መብት ህንድ ውስጥ አበቃ፤ የፋርማሲዎቻችን መደርደሪያ ደግሞ ከህንድ በሚመጣ መድኃኒት የተሞላ ነው። ስለዚህ ስለ «ማክሻው መርፌ» መወራቱ አይቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ በመርፌው ወሬ ሌላ ጉዳይ እንዳይዋጥ ነው። በጣም ወፍራም ባይሆንም ቦርጭ ያለው፣ ስኳሩም በኪኒን አልወርድ ያለ ሰው ጨጓራውን ቢቀደድ ይጠቀማል?

የዓለም ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ «አይገባውም» ሲሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት ጉባኤ ያሰመረው መስመር ቢኤምአይ 40፣ ወይም ተጓዳኝ በሽታ ካለ 35 ነበር። ቢኤምአይ ኪሎን፣ በሜትር የተለካ ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 የሆነች ሴት 35 የምትደርሰው 95 ኪሎ ስትሞላ፣ 30 የምትደርሰው 82 ላይ ነው። በ1991 ሆድ በሰፊው ይከፈት ስለነበር ጥንቃቄው ምክንያት ነበረው። ዛሬ ሥራው በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ይሠራል፤ ልምድ ባላቸው ማዕከላት በቀዶ ጥገናው ምክንያት የሚሞተው ከሺህ አንድ ያህል ነው። ቁጥሩ ግን ለ31 ዓመታት ንቅንቅ አላለም። በጥቅምት 2022 የአሜሪካው የውፍረት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርና ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በጋራ ሻሩት፦ ከ35 በላይ ለሆነ በሽታ ባይኖርበትም፣ ከ30 እስከ 35 ላለ ደግሞ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ካለበት ይገባዋል አሉ። ለእስያ ሰዎች መነሻውን ወደ 27.5 ዝቅ አደረጉት። ለአፍሪካ የተለየ ቁጥር አላወጡም። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ የጽሑፌም ዋና ነገር ይኸው ነው።

የቀዶ ጥገናውን ዓይነቶች ባጭሩ ልለፋቸው። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራ አራት አምስተኛ ያህሉን ቆርጦ አውጥቶ ቀጭን ቱቦ የሚያስቀር ነው፤ ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን ዋና ምንጭም አብሮ ይወጣል። ባይፓስ ጨጓራን አሳንሶ ምግቡ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ እንዲዘልል ያደርጋል። ጨጓራን በቀለበት ማሰር በአንድ ወቅት ለመጠነኛ ውፍረት ዋናው ተስፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የሜልበርን ሐኪሞች በ80 ሰዎች ላይ ያሳተሙት ጥናት ተነቦለት፣ በ2011 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ከ30 ጀምሮ ፈቀደው። በኋላ ብዙ ቀለበቶች መልሰው መውጣት ሲጀምሩ ገበያው ደረቀ። ስለ ቀለበቱ ከዚህ በላይ ቃል አላባክንም።

ልቤን የሚስበው በስኳር ላይ የሚሠራው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዋልተር ፖሪስ የተባሉ የሰሜን ካሮላይና ቀዶ ሐኪም 608 ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎችን ተከታትለው ያዩትን አሳተሙ። ከመካከላቸው ስኳር የነበረባቸው 83 በመቶ ያህሉ ስኳራቸው ወደ ጤናማ መጠን ተመልሶ እዚያው ቆይቷል። የሚገርመው ጊዜው ነው፤ ስኳሩ የወረደው ኪሎው ሳይቀንስ፣ ገና በቀናት ውስጥ ነበር። አንጀት ራሱ ለቆሽት በሆርሞን መልእክት የሚልክ አካል መሆኑ ከዚያ ወዲህ በሰፊው ተጠና፤ የዛሬዎቹ መርፌዎች የሚመስሉትም ያንኑ የአንጀት ሆርሞን ነው። ቀጥሎ ክሊቭላንድ ውስጥ 150 የስኳር ሕሙማን በዕጣ ተመድበው ተጠኑ። ቢኤምአያቸው ከ27 እስከ 43 ሲሆን ሲሶ ያህሉ ከ35 በታች ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው 6 ወይም ከዚያ በታች የሆነው በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 5 በመቶ፣ ባይፓስ ከተደረገላቸው 29 በመቶ፣ ስሊቭ ከተደረገላቸው 23 በመቶ ነበሩ። ከ35 በታች የነበሩትም እንደሌሎቹ ተጠቅመዋል። ይህን ያነበበ ሰው መስመሩ ለምን 35 ላይ እንደቆመ መጠየቁ አይቀርም።

ለእኛ ጥያቄው ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 ደራንበርግና ባልደረቦቻቸው የተለያዩ ሕዝቦችን የስብ መጠን ከቢኤምአይ ጋር አስተያዩ። በዕድሜና በጾታ ተመሳስለው እኩል ስብ የያዙ አንድ ነጭና አንድ ኢትዮጵያዊ ቢቆሙ፣ የኢትዮጵያዊው ቢኤምአይ በ4.6 ያንሳል። የቻይናዎቹ ልዩነት 1.9፣ የታይላንዶቹ 2.9 ነው፤ ካነጻጸሯቸው ሁሉ ወደታች የራቅነው እኛ ነን። አንዱ ምክንያት የአካል ቅርጽ ነው፤ እግሩ ረጅም፣ ቁመናው ቀጠን ያለ ሰው ቢኤምአዩ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ስቡ ግን የዚያን ያህል አያንስም። ከላይ ወዳነሳኋት ባለ 1 ሜትር ከ65 ሴት እንመለስ። በዚህ ስሌት ነጯ በ82 ኪሎ የምትይዘውን ስብ ኢትዮጵያዊቷ በ69 ኪሎ ገደማ ይዛዋለች። 69 ኪሎ ያላትን ሴት በሰፈራችን ማንም ወፍራም አይላትም፤ «ተመችቷታል» ነው የምትባለው።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የገዛ ሠራተኞቹ ተለክተው የታተመው ጥናት ወደዚያው አመለከተ። ስብ መብዛቱን ለመለየት የተሻለው ቢኤምአይ ለወንድ 22.2፣ ለሴት 24.5 ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝ ውስጥ በ2021 የታተመው ትልቅ ጥናት ደግሞ በነጮች 30 ላይ የሚታየው የስኳር ስጋት በጥቁሮች 28.1 ላይ እንደሚደርስ አሳየ። «ጥቁሮች» ሲባል ግን ጃማይካዊው፣ ናይጄሪያዊውና አበሻው በአንድ ከረጢት ገብተዋል። ከሁሉ የሚያሳምነኝ የቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ስኳርን ከነጭራሹ የማያውቁ ያህል ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው ገባባቸው፣ ያውም ከሌላው የአገሩ ሰው ባነሰ ክብደት። የ35ቱም የ30ውም መስመር በእኛ ገላ ላይ ተለክቶ አልተሰመረም። የኢትዮጵያ ሐኪሞች ቢኤምአይን ትተው ወገብን በሜትር ቢለኩ ለታካሚው የሚቀርበው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል ግን «ስኳር ያለበት ሁሉ ይቀደድ» እያልኩ አይደለም። እዚህ አገር ሌላ ዓይነት ስኳርም አለ። በረሃብና በምግብ እጥረት ያደገ፣ ቀጭን፣ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት የተሳነው ወጣት ነው። ይህ ዓይነቱ በሚያዝያ 2025 በዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ተብሎ እውቅና አገኘ፤ የጎንደር ሐኪሞች ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲጽፉበት የኖሩት ነው። ቆሽቱ የደረቀበትን ሰው ጨጓራውን ማሳነስ አያድነውም። ለዚህ ነው ሲ ፔፕታይድ የተባለው የደም ምርመራ ከሚዛኑ የሚበልጠው፤ ቆሽት ገና ኢንሱሊን እንደሚያመነጭ የሚናገረው እሱ ነው። ስኳሩ ከያዘው ጥቂት ዓመት የሆነውና የኢንሱሊን መርፌ ያልጀመረው ሰው ከቀዶ ጥገናው የሚያገኘው ይበልጣል።

እዚህ ላይ አዳማን የማነሳት ስለምወዳት ብቻ አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው አጠገቧ ወንጂ ላይ ነው። ደስታ ከረሜላም የዚያው ልጅ ነው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያሉት ከተሞች መንገድ ላይ የተዘረጉ ናቸው፤ ሾፌሩ፣ ነጋዴውና ደላላው ቀኑን ተቀምጦ ይውላል፣ በእግር ይኬድበት የነበረውን ርቀት ባጃጅ ወስዶታል። የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 8 በመቶዎቹ ክብደታቸው ከልክ በላይ መሆኑን፣ በከተማ ግን 21 በመቶ መድረሱን አሳይቷል። በዚያው ጥናት 22 በመቶዎቹ ሴቶች ከልክ በታች ቀጭን ነበሩ። በአንድ ጤና ጣቢያ ሁለቱም ተራ ይዘው ይቀመጣሉ።

ከእነዚህ ከተሞች ለቀዶ ጥገናው የሚነሳ ሰው መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የግል ሆስፒታሎች፣ አቅም ካለው ወደ ቱርክ ወይም ወደ ህንድ ነው። ሐኪሙ የሚቀረው እዚያው፣ ታካሚው የሚመለሰው ወደ ሰፈሩ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም ሲመለስ ነው። ስሊቭ ቃር ያብሳል፤ እዚህ ደግሞ «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው ጥቂት ነው፣ ሄሊኮባክተር የተባለው ባክቴሪያም ከግማሽ በላይ ሰው ውስጥ አለ። በባይፓስ የተዘለለውን ጨጓራ በኋላ በተለመደው ኢንዶስኮፒ ማየት ስለማይቻል ምርመራው ከቀዶ ጥገናው በፊት መሆን አለበት። ጾሙም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሚጾም ክርስቲያን ወይም በአዳማ ሙቀት ረመዳንን የሚይዝ ሙስሊም፣ ጾሙን ሲፈታ የጠማውን ውኃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት አይችልም፤ ጨጓራው የሚቀበለው ጉንጭ ጉንጭ እያለ ነው። በቀን የሚያስፈልገው 60 ግራም ፕሮቲን በሽሮና በምስር ብቻ ከዚያች ትንሽ ጨጓራ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። የዝዋይ ዓሣ ይረዳ ነበር፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ሐኪም ሳይሆን የንስሐ አባት ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ውይይቱ ከቢላዋው በፊት ከቤተሰብም ከአባትም ከሼኽም ጋር መደረግ አለበት።

ቫይታሚን ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። ያለማቋረጥ የሚያስመልሰው ሰው ደግሞ ቲያሚን ካላገኘ በሳምንታት ውስጥ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ግሉኮስ ቀድሞ ተሰክቶ ቲያሚን ከዘገየ ጉዳቱ ይፋጠናል፤ ይህን የድንገተኛ ክፍል ነርስ ማወቅ አለባት። እንድታውቅ ደግሞ ታካሚው በኪሱ አንዲት ወረቀት ይዞ መዞር ይኖርበታል፦ የተሠራለት ስሊቭ ይሁን ባይፓስ፣ መቼና የት፣ የትኞቹን ቫይታሚኖች እንደሚወስድ። ከውጭ የሚመለሱ ሰዎች ይህችን ወረቀት ሳይዙ ከአውሮፕላን እንዳይወርዱ እለምናለሁ።