ዓይነ ስውር መንገደኛ ወደ ውጭ አገር ሲወጣ፤ ከተበላ እስከ ናይሮቢ የተደረገ አንድ ጉዞ

የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ሲጓዝ የሚገጥመው ችግር ከምን እንደሚመነጭ መመርመር ነው። ጥያቄውን አስቀድመን ለክፍል ጓደኞቻችን ብናቀርብላቸው፥ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም «መንገዱን ስለማያይ ነዋ!» ብለው መለሱልን። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁ ራሱ ያስገረማቸውም ነበሩ። መንገዱን የሄዱትን ሰዎች ስንጠይቅ ግን የሰማነው ቃል ከዚህ የራቀ ሆነ። እነርሱ እንደሚሉት መንገድ ይጠየቃል፥ ይቈጠራል፥ ይለመዳልም፤ አስቸጋሪው ነገር ተጓዡ ማን እንደ ሆነ ለሌሎች ማስረዳት ነው። ይህን አባባል በአንድ ጉዞ ላይ ተከትለን ለማየት ስለ ፈለግን፥ በወላይታ ዞን የተበላ ልጅ የሆነ አንድ ተማሪ ወደ ናይሮቢ ያደረገውን ጉዞ መርጠናል። ስሙን እንዳንጽፍ ስለ ለመነን «ጓደኛችን» እያልን እንጠራዋለን።

ተበላ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ጓደኛችን በሕፃንነቱ በዓይን ሕመም ብርሃኑን ስላጣ ከተማይቱን የሚያውቃት በእግሩና በጆሮው ነው። የአስፋልቱ ጠርዝ ወደ አፈሩ የሚወርድበትን ስፍራ፥ የወፍጮ ቤቱን ድምፅ፥ ቡና የሚቈላበትን ቤት ሽታ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። ሰዎች ከወዲያ ማዶ «ሳሮ!» ብለው ሰላም ሲሉትም ማን እንደ ሆኑ ከድምፃቸው ይለያል። ብሬል የተማረው በሶዶ ነው። በ14 ዓመቱ ብቻውን በሚኒባስ ወደ ሶዶ መመላለስ ጀመረ፤ ይህንንም ያደርግ የነበረው የሚወርድበትን ቦታ ለረዳቱ አስቀድሞ በመናገር፥ ሒሳቡን በእጁ ቈጥሮ በመስጠትና መናኸሪያው ሲደርስ «ክንድህን ስጠኝ» በማለት ነበር። ወደዚህ የመጨረሻው ቃል በኋላ እንመለስበታለን።

ከዕለታት አንድ ቀን፥ በናይሮቢ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በተዘጋጀ የ3 ሳምንት የኮምፒዩተር ሥልጠና ላይ እንዲገኝ ጥሪ ደረሰው። ጋባዦቹ የሚከፍሉት የአንድ ሰው የአውሮፕላን ዋጋ ብቻ ነበር። በቤት ውስጥ ምክር ተደረገ። አጎቱ ታናሽ ወንድሙ አብሮት ካልሄደ መሄድ የለበትም አሉ፤ ለሁለተኛው ቲኬት በሬ ይሸጥ እንደ ሆነም ተነጋገሩ። እናቱ «በሬው ከሄደ እርሻው በምን ይታረሳል?» ብለው ዝም አሉ። ጓደኛችን የፈራው ግን ሌላ ነገር ነበር። «ወንድሜ አብሮኝ ከሄደ ሠልጣኙ እሱ ይመስላል፤ ሰው ሁሉ የሚያነጋግረው እሱን ነው» ይላል። መልስ ለመስጠት የቀረው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ሲሆን፥ ካለፈ ቦታው ለሌላ አመልካች የሚሰጥ ነበር።

ዓይነ ስውር ሰው ለትምህርት አገር አቋርጦ መሄዱ በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዜማውም ቅኔውም በቃል የሚጠና በመሆኑ፥ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች እንደ ሌላው የቆሎ ተማሪ አኩፋዳቸውን አንግተው ከደብር ወደ ደብር መምህር ፍለጋ ሲዞሩ ኖረዋል፤ ከእነርሱም መካከል ራሳቸው መምህራን ለመሆን የበቁ አሉ። በግብፅም በልጅነቱ ዓይኑን ያጣው ጣሃ ሑሴን በአል አዝሃር ከተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1914 ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በሞንፔልዬና በፓሪስ አጠና፤ በ1950ም የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኰንን ጄምስ ሆልማን ዓይኑን ካጣ በኋላ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ሆኖ ዓለምን ዞሯል። ሰረገላ ላይ መቀመጥ ሲሰለቸው ከሰረገላው ጋር የታሰረ ገመድ ይዞ በስተኋላ በእግሩ ይከተል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ እስከ ሳይቤሪያ ዘልቆ ሳለ የሩሲያ መንግሥት በሰላይነት ጠርጥሮ ከግዛቱ አስወጣው። ዓይነ ስውር ሰላይ መባሉ ያስቃል፤ ቢሆንም ሩሲያውያኑ ሰውዬውን በራሱ አሳብ የሚንቀሳቀስ ሙሉ ሰው አድርገው ስለ ቈጠሩት፥ በዚህ በኩል ከብዙዎቻችን ሳይሻሉ አልቀሩም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ እንለፍ። ጓደኛችን ከጋባዦቹ ጋር ውል መፈረም ነበረበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1728፥ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፥ በሥራው ላይ ያለ አዋዋይ፥ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በቀር እንደማያስገድደው ይደነግጋል። የሕጉ አሳብ መልካም ነው፤ ሰውዬው ያላነበበውን ጽሑፍ ፈርሞ እንዳይጠፋ ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ነገር ግን ሕጉ በወጣበት ዘመን የሚያነብ ስልክ አልነበረም። ጓደኛችን ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልኩ አስነብቦ ሰምቶታል፤ እንዲያውም አንድ የተሳሳተ ቀን አግኝቶ አሳርሟል። ሆኖም ለማረጋገጫው 2 ቀን መመላለስ ግድ ሆነበት። በመጀመሪያው ቀን የተቀበላቸው ጸሐፊ ጥያቄውን ሁሉ ያቀርብ የነበረው አብሮት ለሄደው ወንድሙ ነው፤ «ስሙ ማን ነው? መፈረም ይችላል?» እያለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፥ በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች በሕግ ፊት እንደ ማንኛውም ሰው ችሎታ እንዳላቸው፥ በአንቀጽ 18 ደግሞ ከማንኛውም አገር፥ ከገዛ አገራቸውም ጭምር የመውጣት ነፃነት እንዳላቸው ይናገራል። ስምምነቱ ገና ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ አልደረሰም።

ከሁሉ የከፋው የቲኬቱ ነገር ነበር። ቲኬት ቈራጯ ረዳት ከሌለው ልታሳፍረው እንደማትችል ነገረችው፤ ይህም በቤት የተነሣውን የበሬውን ነገር እንደ ገና አመጣው። በዚህ ረገድ በሌሎች አገሮች የሚሠራበትን ደንብ ማወቅ ይጠቅማል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ በሙሉ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፥ እርዳታ የሚሻ መንገደኛ ከ48 ሰዓት በፊት ካስታወቀ በአውሮፕላን ማረፊያው ያለ ክፍያ ይረዳል፤ አየር መንገድም ረዳት ይዘህ ና ሊል የሚችለው የደኅንነት ደንብ ሲያስገድደው ብቻ ነው። የአሜሪካ ደንብ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ መንገደኛው «ብቻዬን እችላለሁ» ካለ በኋላ አየር መንገዱ ረዳት ካላመጣህ የሚልባቸው ጥቂት ሁኔታዎች ቢኖሩም፥ በዚህ ጊዜ የረዳቱን ቲኬት ዋጋ ሊያስከፍለው አይችልም። በገንዘቡ ቦርሳ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ሲታወቅ አስፈላጊ የተባለው ረዳት ብዙ ጊዜ አስፈላጊ ሳይሆን ይቀራል ብለን እንገምታለን።

ጓደኛችን ይህን ደንብ ጠቅሶ አልተከራከረም፤ ጉዞው ወደ አሜሪካም ወደ አውሮፓም አልነበረምና። ያደረገው ደብዳቤ መጻፍ ነው። በደብዳቤውም ብቻውን እንደሚበላ፥ መፀዳጃ ቤት ብቻውን እንደሚሄድ፥ ቀበቶውን አስሮ እንደሚፈታ፥ የሚነገረውን ሰምቶ እንደሚፈጽም፥ የሚፈልገውም ከበሩ እስከ አውሮፕላኑ፥ ከአውሮፕላኑም እስከ ተቀባዮቹ የሚመራው ሰው ብቻ እንደ ሆነ ገለጸ። አየር መንገዶች እርስ በርሳቸው በሚጠቀሙበት አጭር ምልክት ለዓይነ ስውር መንገደኛ «ቢ ኤል ኤን ዲ» የሚሉ አራት ፊደላት በቲኬቱ መዝገብ ላይ እንደሚጻፉ ከሌላ ተጓዥ ሰምቶ ስለ ነበር፥ እርሱም እንዲጻፍለት ጠየቀ። በ3ኛው ቀን ተፈቀደለት። ለመልሱ ከተሰጠው ጊዜ የቀረው 1 ቀን ነበር።

በአንደኛው አውሮፕላን ማረፊያ የመጣለት እርዳታ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። እግሩ ጤነኛ መሆኑን ቢናገርም፥ ወንበሩን የሚገፋው ልጅ ያለ ወንበር ሰው መውሰድ አልታዘዝኩም አለው። ይህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ዓይነ ስውራን ተጓዦች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ ነው። ከፍተሻውም ላይ በትሩን ከሻንጣው ጋር ወደ መመርመሪያው ማሽን አስገቡበትና ለጥቂት ደቂቃ ባዶ እጁን ቆመ። ነጩ በትር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ ሲለመድ ዋና ዓላማው ተሽከርካሪዎች እንዲያዩት ነበር፤ ረዘም አድርጎ ከፊት ለፊት ግራና ቀኝ እያወናጨፉ መሬቱን የማንበቡ ዘዴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቍስለኞች ጋር በአሜሪካ የመጣ ነው። ስለዚህ በትሩን የተነጠቀ ሰው መታወቂያውንም መንገዱንም በአንድ ጊዜ ያጣል።

እዚህ ላይ ወደ ክንዱ ነገር እንመለስ። ዓይነ ስውር ሰው ሲመራ የመሪውን ክንድ ከክርኑ በላይ ይይዝና ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይሄዳል። መሪው ደረጃ ሲወጣ ክንዱ ከፍ ይላል፥ ሲታጠፍ ይዞራል፤ የተያዘው ክንድ ሁሉን ይናገራል። በአገራችን የተለመደው ግን የዓይነ ስውሩን እጅ ጨብጦ መጐተት ወይም ከጀርባ መግፋት ነው። የሚጐተት ሰው ወደ ጕድጓድ ይሁን ወደ በር አያውቅም። በአትሌቲክስ ሕግ ይህ ነገር በግልጽ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ያየሽ ጌቴ የተወዳደረችበት ክፍል፥ ዓይነ ስውሩ ሯጭ ከመሪው ጋር በአጭር ማሰሪያ ተያይዞ የሚሮጥበት ነው። በደንቡ መሠረት መሪው ሯጩን መጐተት ወይም መግፋት ክልክል ሲሆን፥ ከሯጩ ቀድሞ የመጨረሻውን መስመር ካለፈ ውጤቱ ይሰረዛል። መሪና ሞግዚት የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ ደንብ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላገኘንም።

በናይሮቢ የጠበቀው አዲስ ነገር ያላሰበው ነበር። በኢትዮጵያ መኪና በቀኝ ስለሚሄድ፥ በመንገድ ዳር የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚጠብቀው ከግራው የሚመጣውን ድምፅ ነው። በኬንያ፥ እንደ ደቡብ አፍሪካና እንደ እንግሊዝ ሁሉ፥ መኪና በግራ ይሄዳልና አስቀድሞ የሚመጣው ከቀኝ ነው። የሚያይ ሰው ይህን በአንድ ቀን ይለምደዋል፤ ለጓደኛችን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሠለጠነ ጆሮውን ማገላበጥ ሆነበት። ስለዚህ ሁለት ማለዳ ከአሠልጣኙ ጋር ከመንገድ ዳር ቆሞ፥ ሳይሻገር፥ ማዳመጥ ብቻ አዳመጠ። በ3ኛው ቀን ተሻገረ።

ገንዘቡ ቀለል አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡት የኬንያ ብሮች ለዓይነ ስውራን እንዲያገለግሉ በጣት የሚዳሰስ ምልክት አላቸው። የአሜሪካ ዶላር ግን 1ም ሆነ 100 መጠኑ አንድ ነው፤ ስለዚህ ይዞት የሄደውን ጥቂት ዶላር አንዱን ለሁለት፥ ሌላውን ለአራት አጥፎ ለይቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኤም ፔሳ ደግሞ ሒሳቡን በስልክ ስለሚያስከፍል፥ የሚያነብ ስልክ ላለው ሰው መልስ ስንት እንደ ተሰጠው ሌላ ሰው ከመጠየቅ ያድናል።

ከተመለሰ በኋላ በሶዶ የሚማሩ ታናናሾቹ ይጠይቁት ጀመር። ስለ አውሮፕላኑ ይጠይቁናል ብሎ ሲጠብቅ፥ የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ መፀዳጃ ቤቱ በስተየት እንደ ሆነና ማን እንደ ነገረው ነበር፤ እርሱም ከመቀመጫው እስከ በሩ ስንት ወንበር በእጁ ቈጥሮ እንዳለፈ ያስረዳቸዋል። የጻፈውን ደብዳቤ በብሬል ገልብጦ ሰጥቷቸዋል፤ ከእነርሱ አንዲቱ በራሷ ስም አድርጋ ለሌላ ጥሪ ልካዋለች፥ መልሱም እስካሁን እየተጠበቀ ነው። አጎቱ በበኩላቸው ናይሮቢ ምን እንደምትመስል ጠይቀውት ነበር። ማለዳው እንደ ሶዶ ደጋ ቀዝቃዛ መሆኑን፥ አየሩ ናፍጣ ናፍጣ እንደሚል፥ በየመንገዱ ዳርም እንደ ተበላ በቆሎ በከሰል እንደሚጠበስ ነገራቸው። «በቆሎውስ ዋጋው ስንት ነው?» አሉት አጎቱ።