አስተናግር፦ መርዝ ነው ወይስ መድኃኒት?

በየአጥሩ ሥር፣ ቆሻሻ በሚደፋበት ቦታና በመንገድ ዳር የሚበቅል አንድ አረም ሁላችንም እናውቃለን። አበባው ነጭና እንደ ጡሩምባ የረዘመ፣ ፍሬው እሾሃማ፣ ቅጠሉ ሲታሽ የሚከረፋ ነው። አንዳንዱ አጤ ፋሪስ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ አስተናግር። ሳይንሳዊ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ነው።

ለመሆኑ አስተናግር የሚለው ስም ምን ይነግረናል? የበላውን ሰው የሚያስለፈልፍ መሆኑን ነዋ! ምክንያቱ ደግሞ በኬሚስትሪ የሚታወቅ ነው። በተክሉ ክፍሎች ሁሉ፣ በተለይም በዘሩ፣ አትሮፒን፣ ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን የተባሉ አልካሎይዶች ይገኛሉ። ነርቮቻችን ለልብ፣ ለአንጀትና ለዕጢዎች መልእክት የሚያደርሱት አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። አልካሎይዶቹ መልእክቱ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው ይይዙበታል። በዚህም የተነሣ ምራቅ ይደርቃል፣ ላብ ይቆማል፣ ሰውነት ይግላል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ሽንት አልወጣ ይላል። አእምሮ ሲነካ ደግሞ ሰውየው ከሌለ ሰው ጋር ያወራል።

ታዲያ ይኸው አትሮፒን በሐኪም እጅ ሲገባ ነፍስ ያድናል። እንደ ማላታዮን ያለ ፀረ ተባይ የጠጣ ሰው አሴቲልኮሊን በሰውነቱ ይጠራቀምበታል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ያን ጊዜ የሚሰጠው መርፌ አትሮፒን ነው። ልቡ ከመጠን በላይ ለዘገየበት በሽተኛም ይሰጣል።

እንግዲህ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ልቡ ለዘገየበት ሰው ሐኪም በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 1 ሚሊግራም ገደማ ነው። 100 ፍሬ የአስተናግር ዘር ግን 6 ሚሊግራም ያህል አትሮፒን ሊይዝ ይችላል፤ ያውም ከተክል ተክል ይለያያል። በባህላችን የዘሩን ጭስ ለጥርስ ሕመም፣ ቅጠሉን ለቁስል የሚያደርጉ አሉ። አባቶቻችን ኃይሉን አውቀውታል ማለት ነው። ነገር ግን ጭሱንም ሆነ ቅጠሉን ማንም በሚሊግራም አይለካውም።

አደጋው በእህል በኩልም ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. በኡጋንዳ በእርዳታ በታደለ ዱቄት ውስጥ እነዚሁ አልካሎይዶች ተገኝተው 5 ሰዎች ሞተዋል፤ ወደ 300 የሚጠጉም ታመዋል።

እኛ ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት እንመደባለን። እሾሃማውን ፍሬ ፈልፍሎ ዘሩን የሚቀምስ ሕፃን አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ፊቱ ቀልቶ፣ አፉ ደርቆ ሲቃዥ «ጋኔን ለክፎት ነው» የሚል ይኖራል። ያን ጊዜ መምህሩ ዝም ማለት የለበትም። ይተፋው ብለን ጣት በጉሮሮው አንክተት፤ የሚበላም የሚጠጣም አንስጠው። የተክሉን ቁራጭ ይዘን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ምልክቱ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ስለሚችል «ተሽሎታል» ብለን ወደ ቤት አንስደደው።

ከሁሉ በፊት ግን ሥራው ከአጥራችን ይጀምራል። አረሙን ዘር ሳይቋጥር እንንቀለው፤ ስንነቅል ዓይናችንን ከመንካት እንጠንቀቅ፤ ስንጨርስም እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ለተማሪዎቻችንም «አትንኩ» ብቻ ሳይሆን፣ ለምን እንደማይነካ ጭምር እናስተምር።