ከወታደሩ ራስ ወደ ሕዝቡ ራስ፦ የተርቡሽ ታሪክ

በየቤቱ አባትና ልጅ በልብስ ጉዳይ ሲከራከሩ እንሰማለን። አባት «ይህ የእኛ አለባበስ አይደለም» ይላል፤ ልጅም «ልብስ ያው ልብስ ነው» ብሎ ይመልሳል። ለመሆኑ «የእኛ» የምንለው አለባበስ ከወዴት የመጣ ነው? የቱርኮች ቀይ ቆብ፣ የተርቡሽ ታሪክ፣ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኦቶማኑ ሱልጣን ማሕሙድ 2ኛ በ1826 ጃኒሳሪ የተባለውን አሮጌ ጦር ደምስሰው በአውሮፓ ስልት የሚሠለጥን አዲስ ጦር አቋቋሙ። ወታደሩ ኮትና ሱሪ ለበሰ። የራሱ ነገር ግን አስቸገረ፤ የአውሮፓውያን ወታደሮች ቆብ ከግንባር በላይ የወጣ የፀሐይ መከላከያ ስላለው ለሱጁድ አይመችም። ከሰሜን አፍሪካ የመጣው ተርቡሽ ግን ግንባርን ከመሬት አያግድም። በ1829 ትእዛዙ ከጦር ሰፈር ወጥቶ ለመንግሥት ሹማምንት ደረሰ፤ ጥምጣም ለዑለማዎች ተተወ። ቀድሞ የሰው ሃይማኖትና ማዕረግ ከራሱ ላይ ይነበብ ነበር። አሁን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይሁዱም ሹም በአንድ ቆብ ታየ። ይህን ባዕድ ነገር ብለው የተቃወሙ ብዙዎች ነበሩ።

ዘመን አልፎ ተርቡሽ የአገር ልብስ ሆነ። በ1908 ኦስትሪያ ቦስኒያና ሄርዞጎቪናን ወደ ግዛቷ ስትቀላቅል ግን፣ ተርቡሹ በብዛት ከዚያው ከኦስትሪያ ይመጣ ስለነበር፣ የኢስታንቡል ሕዝብ አውልቆ ጣለው፤ ነጭ የሱፍ ቆብም አደረገ። ከ1919 እስከ 1922 በተካሄደው የነፃነት ጦርነት ደግሞ የሙስጠፋ ከማል መኮንኖች ካልፓክ የሚባለውን የበግ ቆዳ ቆብ መለያቸው አደረጉት።

በነሐሴ 1925 ሙስጠፋ ከማል በካስታሞኑ ከተማ የአውሮፓ ባርኔጣ አድርገው ታዩ። ኅዳር 25 ቀን ሕግ ወጣ፤ ባርኔጣ ግዴታ፣ ተርቡሽ ክልክል ሆነ። በኤርዙሩም፣ በሪዜና በሌሎችም ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ፤ ልዩ ፍርድ ቤቶችም በስቅላት ቀጡ። ኢስኪሊፕሊ አጢፍ ሆጃ የተባሉት ዓሊም ባርኔጣን የሚነቅፍ አነስተኛ መጽሐፍ ያሳተሙት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በ1924 ነበር። ይሁን እንጂ የካቲት 4 ቀን 1926 አንካራ ላይ ተሰቀሉ።

እንግዲህ እናስተውል! በ1829 የባዕድ ነው ተብሎ የተጠላው ቆብ ከ96 ዓመት በኋላ የሃይማኖት ምልክት ሆኖ ሰው ሞተበት። በግብፅም መኮንኖች በ1952 ሥልጣን ሲይዙ ያው ተርቡሽ የአሮጌው ሥርዓት ምልክት ተብሎ ቀረ። ቆቡ ያው ቆብ ነው፤ የተለወጠው ትእዛዝ ሰጪው ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ከልጆቻችን ጋር ስንነጋገር ዲናችን የሚያዘውን፣ ማለትም ዐውራን መሸፈንንና ከኩራት መራቅን፣ አንድ የጥንት ገዢ ካዘዘው ልማድ እንለይ። ወጣቶችም የወታደር መልክ ያለውን ጃኬት ከመግዛታችሁ በፊት ማን፣ በማን ላይ ለብሶት እንደነበር ጠይቁ። ልብስ ያው ልብስ ብቻ ቢሆን ኖሮ መንግሥታት ባላዘዙበት፣ ሰውም ስለ ባርኔጣ ባልተሰቀለ ነበር።

ወላሁ አዕለም።