የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተጣርቶ ናፍታን ይተካልን?

የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ ትራክተር ወይም የእህል ወፍጮ ያላቸው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በየጊዜው ከሞተራቸው የሚያወጡት የተቃጠለ ዘይት ይኖራቸዋል። ይህ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ በበርሜል ተጠራቅሞ ከመጋዘን ጥግ ይቀመጣል፣ አለዚያም መሬት ላይ ይደፋል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከያዘ ወዲህ ግን የናፍታ ወጪ በመክበዱ፣ «ይህን ዘይት አጥልለን ከናፍታው ጋር ብናቃጥለውስ?» የሚል ጥያቄ ለልማት ሠራተኞች ይቀርባል።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የናፍታ ሞተር በባሕርዩ ብዙ ዓይነት ዘይት ማቃጠል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተደረገው ኤግዚቢሽን አንድ የናፍታ ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም በሞተር ውስጥ ይነዳል። መታየት ያለበት ማኅበሩ ከዚህ የሚያተርፈው ምን ያህል እንደሆነና ሞተሩ የሚከፍለው ዋጋ ነው።

በቅድሚያ መጠኑን ማስላት

8 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር የውሃ መሳቢያ ሞተር እንውሰድ። የዘይት ቋቱ 2 ሊትር ይይዛል፣ ዘይቱ በየ100 ሰዓቱ ይለወጣል፣ በሰዓትም 1 ሊትር ከሩብ ናፍታ ይፈጃል እንበል። እንግዲህ 125 ሊትር ናፍታ ተቃጥሎ የሚገኘው አሮጌ ዘይት 2 ሊትር ብቻ ነው፤ ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። በትራክተር ሲሆን ደግሞ ይብስ ያንሳል። በሰዓት 7 ሊትር የሚፈጅ ትራክተር 8 ሊትር ዘይቱ በየ250 ሰዓቱ ቢለወጥ፣ በዚሁ ጊዜ 1750 ሊትር ናፍታ ያቃጥላል። የተገኘው ዘይት ከመቶ ግማሽ አይደርስም። ማንኛውም ማኅበር የራሱን ቁጥሮች ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍና ከነዳጅ መዝገቡ አውጥቶ ይህንኑ ስሌት ቢሠራ የሚያገኘው ውጤት ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ከዚህ የበለጠ መጠን የሚፈልግ ማኅበር ከከተማ ጋራዥ ለመግዛት ይገደዳል። በጋራዥ በርሜል ውስጥ ያለው ደግሞ የናፍታ ሞተር ዘይት ብቻ አይደለም። የቤንዚን መኪና ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ዕቃ የታጠበበት ቤንዚን፣ ከራዲያተር የወጣ ውሃ ሁሉ አንድ ላይ ይገለበጥበታል። ጋራዡ ይህን የሚያጠራቅመው ለነዳጅነት አስቦ አይደለምና ሊወቀስ አይገባውም።

ጨርቅ የማይዘው

ማጣራት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጠላ ወይም ማር ሲጠለል ነው። አተላው ከላይ ይቀራል፣ ንጹሑ ከታች ይወርዳል። የተቃጠለ ዘይት ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ለ1000 ቢከፈል አንዱ ክፋይ ማይክሮን ይባላል። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው። ጥሩ አቡጀዴ ቢታጠፍም የሚይዘው በዓይን የሚታየውን የብረት ብናኝና ዝቃጭ ነው። የሞተሩ የራሱ የናፍታ ማጣሪያ እስከ 10 ማይክሮንና ከዚያም በታች ይወርዳል። ዘይቱን የሚያጠቁረው ጥላሸት ግን ከ1 ማይክሮን እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የዘይት ፋብሪካው ሆነ ብሎ ጥላሸቱ እንዳይረጋ የሚያደርግ ቅመም ይጨምርበታል፤ ጥላሸቱ በሞተሩ ውስጥ ተጋግሮ እንዳይቀር ተንሳፍፎ ከዘይቱ ጋር እንዲወጣ ነው። ስለዚህ ዘይቱ አሥር ጊዜ ቢጠለልም ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

ከዚህም ሌላ በዘይቱ ውስጥ የሟሟ ነገር አለ። ዚንክ፣ ፎስፎረስና ካልሲየም ከፋብሪካ የተጨመሩ ሲሆኑ፣ አሲድ፣ ውሃና ያልተቃጠለ ነዳጅ ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ የገቡ ናቸው። የሟሟን ነገር ማጣሪያ አይዘውም። ዚንኩና ካልሲየሙ ነደው አይጠፉም፤ አመድ ሆነው በፒስተኑ ራስ፣ በፋሻዎቹና በቫልቮቹ ላይ ይቀመጣሉ።

ውፍረቱም የራሱ ችግር አለው። ቁጥር 40 የሞተር ዘይት በ40 ዲግሪ ሙቀት ከናፍታ ከ30 ጊዜ በላይ ይወፍራል። ኢንጀክተር የተሠራው ቀጭን ናፍታን እንደ ጉም አድርጎ እንዲረጭ ነው። ወፍራም ዘይት ሲገባበት ጉሙ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ጠብታው በወጉ ሳይነድ ፒስተኑን ይመታል፣ ኖዝሉ ላይም ከሰል ይሠራል። የናፍታ ፖምፓው ፕላንጀርና እጅጌው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ገደማ ብቻ ስለሆነ በጨርቅ ያለፈ ብናኝ ሁሉ እንደ ሞረድ ይሞርዳቸዋል። ሁለቱ ተጣምረው የተሠሩ በመሆናቸው አንዱ ሲበላ ሁለቱም ይለወጣሉ።

አንዳንዶች ውፍረቱን ለመቀነስ ቤንዚን ይቀላቅሉበታል። ይህ ፈጽሞ መከልከል አለበት። ጥቂት ቤንዚን የገባበት ድብልቅ በተራ ሙቀት የሚነድ እንፋሎት ይሰጣል፤ በርሜሉ አጠገብ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ቢኖር እሳት ይነሣል። ውሃውን ለማትነን ዘይቱን በእሳት መጣድም አደገኛ ነው። ውሃ ያለበት ዘይት 100 ዲግሪ ሲያልፍ በድንገት አረፋ ደፍቆ በምድጃው ላይ ይገነፍላል።

በአንድ የመስኖ ማኅበር የደረሰውን እዚህ ላይ መጥቀስ ይጠቅማል። ማኅበሩ አንድ እጅ የተጠለለ ዘይት በሦስት እጅ ናፍታ ቀላቅሎ ሁለት ሳምንት ያህል ያለ ችግር ሠራ። ነገሩን አሳሳች የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን አይታይም። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ማለት ጀመረ። ጢሱ ጠቆረ፣ ጉልበቱ ቀነሰ፣ በመጨረሻም ቆመ። ኖዝሉ በከሰል ተደፍኖ ፕላንጀሩም ተበልቶ ተገኘ። መለዋወጫው ከከተማ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሽንኩርቱ ራስ የሚይዝበት ወቅት ነበር፤ መሬቱም አሸዋማ። የሽንኩርት ሥር ጥልቀት የሌለው በመሆኑ በዚህ ጊዜ ውሃ ሲቋረጥበት ራሱ ኮስሶ ይቀራል፤ ዘግይቶ ውሃ ሲያገኝም ይሰነጠቃል። ምርቱ የተሸጠው በዝቅተኛ ደረጃ ዋጋ ነው። የተረፈው ናፍታ የአንዱን አባል ማሳ ኪሳራ እንኳ አልሸፈነም።

ቀደም ባለው ጊዜ በውጭ አገር አንዳንድ የከባድ ሞተር ሠሪዎች በጥሩ ማጣሪያ ያለፈ የናፍታ ሞተር ዘይት በጥቂቱ፣ ከመቶ እስከ 5 ድረስ፣ ከናፍታ ጋር እንዲቀላቀል ይፈቅዱ እንደነበር አንባቢ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ጭስ ማጣሪያ የተገጠመላቸው አዳዲስ ሞተሮች ግን አመዱ ስለሚደፍናቸው ይህን አይቀበሉም። በ1500 ባርና ከዚያ በላይ ግፊት የሚሠሩት የኮመን ሬል ሞተሮች ደግሞ ይበልጥ ስሱ ናቸው። አሮጌና ዝግተኛ ሞተር የበለጠ ይታገሣል፤ ይሁን እንጂ ከላይ እንዳሰላነው ከመቶ 2 ላልሞላ ቁጠባ ብሎ የመስኖ ወቅትን አደጋ ላይ መጣል አያዋጣም። የልማት ሠራተኛው ይህን ሥራ ባይመክር የተሻለ ነው።

ለአባላት ማሳየት

በቃል ከማስረዳት ይልቅ በስብሰባ ላይ ማሳየት ይበልጣል። አሮጌ ዘይት በአዲስ አቡጀዴ አጥልሎ በብርጭቆ ማስቀመጥ፣ ጥቁረቱን አባላት ራሳቸው እንዲያዩ ማድረግ። ከዚያም ከተጠለለው አንድ ጠብታ በጋለ የቆርቆሮ ክዳን ላይ ማንጠብ፤ የምግብ ምጣድ ለዚህ አይሁን። ጠብታው ከተንጣጣ በዘይቱ ውስጥ ውሃ አለ ማለት ነው። ይህ ሙከራ ለሌላም ጉዳይ ይጠቅማል። ከማኅበሩ ሞተር የወጣ ዘይት ሲንጣጣ ከተገኘ በቴስታታው በኩል ውሃ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩ ሳይጎዳ መካኒክ ይመልከተው።

ድብልቁ አስቀድሞ ተጨምሮ ከተገኘ ሞተሩን ማቆም፣ ታንከሩን ማራገፍና በንጹሕ ናፍታ ማጠብ፣ የናፍታ ማጣሪያውን መለወጥ፣ ከመስመሩ አየር ማስወጣት፣ ኢንጀክተሩንም በከተማ በመፈተሻ መሣሪያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

ናፍታ ለመቆጠብ ለሚሻ ማኅበር ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ። የመጣውን ናፍታ በርሜሉን ጥቂት አዘንብሎ ቢያንስ አንድ ቀን ማርጋት፣ ከታች ያለውን አንድ ሁለት ሊትር አለመቅዳት፣ የአየር ማጣሪያውን በየጊዜው ማጽዳት፣ ከመሳቢያ ቱቦ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን። አየር የሚስብ ቱቦ ያለው ሞተር በከንቱ ስንት ሰዓት እንደሚዞር የማሳው ባለቤት ያውቀዋል።

አሮጌው ዘይት የት ይሂድ?

አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ሊያበላሽ እንደሚችል በሰፊው ይነገራል። የውሃ መሳቢያ ሞተር ደግሞ የሚቆመው በወንዝ ዳር ወይም በጉድጓድ አፍ ላይ ነው። አገራችን የተቀበለችው የባዝል ስምምነት ያገለገለ የማዕድን ዘይትን በአደገኛ ቆሻሻነት ይመድበዋል፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም በሥራ ላይ ውሏል። ስለሆነም ዘይቱን መሬት ላይ መድፋት ይቅር። ጤናንም ይነካል፤ ያገለገለ የሞተር ዘይት በአይጥ ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ሲቀባ ካንሰር እንደሚያመጣ በሙከራ ተረጋግጧል። መዥገርና እከክ ያጠፋል እየተባለ ከብት ላይ መቀባቱ ጎጂ ነው፤ ለዚህ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መድኃኒት አለ።

የማረሻ ዲስክና መከስከሻ ከወቅት ውጭ ሲቀመጥ በስሱ ቢቀባ ዝገት ይከላከላል። ምስጥ በበረታበት አካባቢ የአጥር እንጨት ግርጌ መቀባት የተለመደ ነው። ከውሃ ጉድጓድ፣ ከአትክልት መደብና ከእህል ጎተራ የራቀ እስከሆነ ድረስ ጉዳቱ አነስተኛ ይሆናል፤ የጎተራ ምሰሶ ግን አይቀባ። ከሁሉም የሚሻለው አሰባስቦ ለሚረከብ ድርጅት መስጠት ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ከ1400 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ዘይቱን ፈጽሞ ያቃጥለዋል፤ ብረታ ብረቱም አብዛኛው በክሊንከሩ ውስጥ ይቀራል። ተረካቢ የሚፈልገው ግን ያልተቀላቀለ ዘይት ነው።

ለዚህም ክዳን ያለው አንድ በርሜል ተለይቶ፣ በቀለም «የተቃጠለ ዘይት» ተብሎ ተጽፎበት፣ ጣሪያ ካለው ቦታ በሳንቃ ላይ ይቀመጥ። ውሃ፣ ቤንዚንና የፍሬን ዘይት አይጨመርበት። የሞተር ሠራተኛው ዘይት በለወጠ ቁጥር ቀኑን፣ ሞተሩ የሠራውን ሰዓትና የገባውን ሊትር ከነዳጁ መዝገብ ጎን ይጻፍ። አንድ ማኅበር በርሜል ለመሙላት ረጅም ጊዜ ይወስድበታል፤ ስለዚህ የወረዳው ማኅበራት በዩኒየናቸው በኩል አንድ ላይ ቢያስረክቡ የማጓጓዣው ወጪ ይቀልላቸዋል።